ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ፦ ከኦፕራሲዮን ክፍል እስከ ወህኒ ቤት

የዩኒቨርሲቲያችን የቀድሞ ተማሪዎች በተሰባሰብን ቁጥር የመምህሮቻችን ስም መነሣቱ አይቀርም። ማን ጥብቅ ነበር፣ ማን በፈተና ያስለቅስ ነበር፣ ማን ደግሞ ከኪሱ አውጥቶ ችግረኛ ተማሪ ይረዳ ነበር እያልን እንጫወታለን። የሕክምና ፋኩልቲ ምሩቃን በተቀመጡበት ጠረጴዛ ዙሪያ የፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም ሲነሣ ግን ጨዋታው ወዲያው ወደ ክርክር ይለወጣል። አንዱ፣ እኚህን የመሰሉ የቀዶ ጥገና ሐኪም ምን አግብቷቸው ፖለቲካ ውስጥ ገቡ፣ እጃቸውን ለበሽተኛ ቢያቆዩት አይሻልም ነበር ወይ ይላል። ሌላው ደግሞ የለም፣ ሌሎቻችን ዝም ባልንበት ሰዓት የተናገሩ ሰው ናቸው ብሎ ይሞግታል። ክርክሩ ዘንድሮም አልተዘጋም፤ የሚዘጋም አይመስልም። ይሁንና ብዙዎቹ ወጣት ባልደረቦቻችን የሚያውቁት ስማቸውን እንጂ ሕይወታቸውን ስላልሆነ፣ በዚህ ዓመት መጽሔታችን ታሪካቸውን ከመጀመሪያው እናንሣው።

ልጅነትና ትምህርት

አሥራት ወልደየስ የተወለዱት በሰኔ ወር 1920 ዓ.ም በአዲስ አበባ ነው። ከልጅነታቸው ከፊሉን ያሳለፉት በድሬዳዋ ነበር። ገና ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላቸው የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም መጣ። በዚያ ቀን በማርሻል ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ፋሺስቶች በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ያደረሱትን እልቂት የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ከዚያ ጋር በተያያዘ ከተገደሉት መካከል የአሥራት አባት አቶ ወልደየስ አልታየ ይገኙበታል። ስለዚህ ልጁ መንግሥት ማለት ምን ሊያደርግ እንደሚችል ያወቀው ከመጽሐፍ አልነበረም።

ከነፃነት በኋላ አሥራት ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ገቡ። በዚያ ዘመን ትምህርት ቤቶች ጥቂት ነበሩ፤ የተማረ ሰው ደግሞ በጦርነቱ አልቆ ነበር። መንግሥት ጎበዝ ጎበዝ ተማሪዎችን እየመረጠ ውጭ አገር ይልክ ስለነበር፣ አሥራትም በ1935 ዓ.ም ገደማ ወደ ግብፅ ተልከው በአሌክሳንድሪያ በሚገኘው ቪክቶሪያ ኮሌጅ ተማሩ። ከዚያም ወደ ስኮትላንድ ተሻግረው በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና አጠኑና በ1948 ዓ.ም ተመረቁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። እሳቸው ሕክምና በሚያጠኑባቸው ዓመታት የእኛ ዩኒቨርሲቲ ገና በዳዴ ላይ ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራ የጀመረው በ1943 ዓ.ም ነው። በአገር ውስጥ ሐኪም የሚያስመርቅ ትምህርት ቤት አልነበረም። ከእሳቸው ብዙ ዓመት ቀድመው በሕንድና በዚያው በስኮትላንድ የተማሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነበሩ፤ ከእሳቸው በኋላ ግን ረጅም ባዶ ዘመን አልፏል። በሆስፒታሎቻችን ውስጥ በሽተኛ የሚያዩት በአብዛኛው የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ወጣቱ ዶክተር አሥራት ሲመለሱ የገቡት እንዲህ ወዳለው አገር ነው።

የቀዶ ጥገና ሐኪምና መምህር

መጀመሪያ የተመደቡት በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ነው። ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የምንለው ማለት ነው። እዚያ ለአምስት ዓመት ያህል በጠቅላላ ሐኪምነት ከሠሩ በኋላ እንደገና ወደ ኤድንብራ ሄደው በቀዶ ጥገና ሕክምና ስፔሻላይዝ አደረጉ፤ የሮያል ቀዶ ሕክምና ኮሌጅ ፌሎው ለመሆንም በቁ። በዚያ ማዕረግ እንግሊዝ አገር ቀርቶ መሥራት ይቻል ነበር። እሳቸው ግን ተመለሱ። በዘመናዊ ሕክምና ከሠለጠኑት ኢትዮጵያውያን የቀዶ ጥገና ሐኪሞች የመጀመሪያው ተብለው የሚጠሩት ከዚህ ተነሥቶ ነው።

ሲመለሱ ያገኙት አዲስ ሥራ ከመቅደድና ከመስፋት ይበልጥ ነበር። በ1950ዎቹ ዓመታት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሕክምና ፋኩልቲ ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኑ። በኋላም ዲን ሆነው መሩት፤ በቀዶ ጥገና ትምህርትም ፕሮፌሰር ሆኑ። የሕክምና ፋኩልቲ ማቋቋም ማለት ሕንፃ መሥራት ብቻ እንዳልሆነ ከመካከላችን ያስተማረ ሰው ያውቀዋል። መምህር ያስፈልጋል፤ ማስተማሪያ ሆስፒታል ያስፈልጋል፤ ላቦራቶሪ፣ ደም ባንክ፣ ማደንዘዣ የሚሰጥ ባለሙያ፣ የሠለጠነ ነርስ ያስፈልጋል። አንዱ ከጎደለ ቀሪው አይሠራም። ይህን ሁሉ ለማሟላት ከሚኒስቴር ሚኒስቴር እየተመላለሰ በጀት የሚለምነውም፣ ሌሊት ለድንገተኛ በሽተኛ ተጠርቶ የሚነሣውም፣ ጠዋት ተማሪ አስከትሎ ራውንድ የሚወጣውም ብዙ ጊዜ ያው አንድ ሰው ነበር።

የቀዶ ጥገና ትምህርት የራሱ ሥነ ሥርዓት አለው። ተማሪው በሽተኛውን ሳያይ፣ ሆዱን ሳይዳስስ፣ ታሪኩን ሳይጠይቅ አስተያየት መስጠት አይፈቀድለትም። ያላየውን አየሁ ካለ በሽተኛ ይሞታል። የተሳሳተ ነገር ጻፍ ቢባልም መጻፍ የለበትም፤ ካርዱ ላይ የሰፈረው ነገር ነገ ሌላ ሐኪም አምኖበት የሚሠራበት ነውና። ፕሮፌሰር አሥራት ያስተማሩት ይህን ሙያ ነው። ከዚያ በኋላ በሕይወታቸው የመጣውን ለመረዳት ይህን ልብ ማለት ይጠቅማል።

በ1970ዎቹ መግቢያ ላይ በዩኒቨርሲቲው የድኅረ ምረቃ ትምህርት ሲጀመር ስፔሻሊስት ሐኪሞችንም እዚሁ አገር ውስጥ ማሠልጠን ተቻለ። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የዚህ ሁሉ ማዕከል ሆነ። ስሙ በኢጣሊያ ወረራ ጊዜ የተቋቋመውን የጥቁር አንበሳ አርበኞች ማኅበር ያስታውሳል፤ ያንን ማኅበር የመሩት ደግሞ የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለምወርቅ በየነ ነበሩ። አባቱን ፋሺስቶች የገደሉበት ልጅ አድጎ በዚህ ስም በተሰየመ ሆስፒታል ትውልድ አስተማረ።

የንጉሠ ነገሥቱ ሐኪም

ፕሮፌሰር አሥራት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የግል ሐኪምም ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ በመስከረም 1967 ዓ.ም ከዙፋን ወርደው በእስር ላይ እያሉ የፕሮስቴት ኦፕራሲዮን ተደርጎላቸው ነበር። በነሐሴ 1967 ዓ.ም ማለቂያ ላይ ደርግ ንጉሠ ነገሥቱ በሕመም ምክንያት ማረፋቸውን አስታወቀ። መግለጫው አሟሟታቸውን ከደም ዝውውር መታወክ ጋር ሲያያይዝ ቀደም ብሎ የተደረገላቸውን ኦፕራሲዮንም ያነሣ ነበር።

ሐኪማቸው ይህን አልተቀበሉም። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ለሞት የሚያደርስ ችግር አልነበረም የሚለው አቋማቸው በሰፊው የታወቀ ነው። በዚያ ዘመን ሰው በአንድ ቃል እንደሚጠፋ ማስታወስ ይገባል፤ 60 የሚሆኑ የንጉሡ ባለሥልጣናትና ሌሎች ሰዎች ከተረሸኑ ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም የንጉሠ ነገሥቱ አጽም ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ተቆፍሮ ወጣ። በደርግ ባለሥልጣናት ላይ በተመሠረተው ክስም ንጉሡ ታፍነው መገደላቸው ተገለጸ። ሐኪሙ የያዙት አቋም ትክክል እንደነበር ያኔ ታየ።

በደርግ ዘመን ብዙ ሐኪሞች አገር ጥለው ወጥተዋል። ማንም አይፈርድባቸውም። ፕሮፌሰር አሥራት ግን 17ቱንም ዓመት እዚሁ አሳልፈዋል። ፋኩልቲውም በዚያ ሁሉ ውጥንቅጥ ውስጥ ሐኪም ማስመረቁን አላቆመም። ዛሬ በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ የሚሠሩ ብዙ ስመ ጥር የቀዶ ጥገና ሐኪሞች በእሳቸው እጅ ወይም በተማሪዎቻቸው እጅ ያለፉ ናቸው።

የዩኒቨርሲቲው ወኪል

ደርግ በግንቦት 1983 ዓ.ም ሲወድቅ ፕሮፌሰር አሥራት ወደ 63 ዓመት ተጠግተው ነበር። ለአብዛኛው ሰው ይህ ጡረታ የሚታሰብበት ዕድሜ ነው። ከሰኔ 24 እስከ 28 ቀን 1983 ዓ.ም በአፍሪካ አዳራሽ የሽግግር መንግሥት ለማቋቋም ጉባኤ ሲጠራ ግን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወኪል ሆነው ተገኙ። በጉባኤው ላይ ከ20 የሚበልጡ ድርጅቶች ነበሩ፤ አብዛኞቹ በብሔረሰብ ስም የተደራጁ ናቸው። የቀረበው ቻርተር ብሔረሰቦች እስከ መገንጠል ድረስ የራሳቸውን ዕድል በራሳቸው የመወሰን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የኤርትራም ጉዳይ በሕዝበ ውሳኔ እንዲያልቅ መንገዱ የተጠረገው እዚያው ነው።

በዚያ አዳራሽ ውስጥ ተነሥተው በግልጽ የተቃወሙት ፕሮፌሰር አሥራት ነበሩ። ክርክራቸው በአጭሩ ሲቀመጥ፣ ዩኒቨርሲቲው የብሔረሰብ ድርጅት አይደለም፤ በውስጡ የሁሉም ኢትዮጵያዊ ልጅ አለበት፤ እንዲህ ያለ የአገር ህልውና ጉዳይ ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ሳይመክርበት በጥቂት ቀን ጉባኤ ሊወሰን አይገባም የሚል ነበር። ሌላው ሲያጨበጭብ ብቻቸውን ቆሙ። በአቋማቸው የማይስማሙ ሰዎች ነበሩ፣ ዛሬም አሉ፤ የኤርትራ ሕዝብ ለ30 ዓመት የተዋጋለትን ጥያቄ በክርክር ማቆየት አይቻልም ነበር የሚሉም አሉ። ያም ሆኖ አንድ መምህር የተወከለበትን ተቋም ስም ይዞ ያመነበትን ተናግሮ መውጣቱን የሚክድ የለም። ያን ዕለት ሬዲዮና ቴሌቪዥን የተከታተለ ሰው ሁሉ ስማቸውን ያዘ።

የመዐሕድ ሊቀመንበር

በጥር 1984 ዓ.ም የመላው ዐማራ ሕዝብ ድርጅት፣ በአጭሩ መዐሕድ፣ ሲመሠረት ፕሮፌሰር አሥራት ሊቀመንበር ሆኑ። ጠረጴዛ ላይ የሚነሣው ክርክር የሚከርረው እዚህ ላይ ነው። በብሔረሰብ መደራጀትን በአፍሪካ አዳራሽ የተቃወሙ ሰው እንዴት በስድስት ወር ውስጥ የአንድ ብሔረሰብ ድርጅት መሪ ሆኑ?

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱን ከጊዜው ውስጥ መፈለግ ይኖርብናል። በእነዚያ ዓመታት በአርባ ጉጉ፣ በበደኖና በሌሎች ቦታዎች ዐማራ የተባሉ ገበሬዎች ተገድለዋል፣ ተፈናቅለዋል። አዲሱ ሥርዓት ደግሞ ወንበር የሚያድለው በብሔረሰብ ነበር። በዚያ ሥርዓት ውስጥ ድርጅት የሌለው ሕዝብ አቤት የሚልለት የለውም። ፕሮፌሰር አሥራትና ጓደኞቻቸው ድርጅቱን ያቋቋሙት ይህን ክፍተት ለመሙላት እንደሆነና የመጨረሻ ዓላማቸው ግን የኢትዮጵያ አንድነት እንደሆነ ይገልጹ ነበር። ተቃዋሚዎቻቸው በበኩላቸው፣ የሚነቅፉትን መንገድ ራሳቸው ሄዱበት ብለው ወቅሰዋቸዋል። ሁለቱም ወገን የያዘው ነገር አለ። ሐኪም አንዳንድ ጊዜ የማይወደውን መድኃኒት ያዝዛል፤ መድኃኒቱ ጉዳት እንዳለውም ያውቃል። ድርጅቱ ራሱ ከእሳቸው ሞት በኋላ ስሙን ለውጦ መኢአድ፣ ማለትም የመላው ኢትዮጵያ አንድነት ድርጅት፣ መሆኑ የጥያቄውን ክብደት ያሳያል።

ከዩኒቨርሲቲ መባረር

በታኅሣሥ 1985 ዓ.ም ሁለት ነገሮች ተከታትለው መጡ። በመጀመሪያ ፕሮፌሰር አሥራት ደብረ ብርሃን ሄደው በተሰበሰበ ሕዝብ ፊት ንግግር አደረጉ። ያ ንግግር በኋላ የክስ መዝገብ ሆነባቸው። ከዚያ በዚያው ወር በ26ኛው ቀን የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች የኤርትራን ሕዝበ ውሳኔ በመቃወም ሰልፍ ወጡ። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ቡትሮስ ቡትሮስ ጋሊ አዲስ አበባ የመጡበት ሰሞን ነበር። የጸጥታ ኃይሎች ተኮሱ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ብዙዎች ቆሰሉ፣ ታሰሩ። ዩኒቨርሲቲው ለወራት ተዘጋ። ከዚህ መጽሔት አንባቢዎች መካከል ያን ቀን ስድስት ኪሎ የነበራችሁ ታስታውሱታላችሁ።

በሚያዝያ 1985 ዓ.ም ደግሞ 42 የዩኒቨርሲቲው መምህራን በደብዳቤ ከሥራ ተሰናበቱ። ፕሮፌሰር አሥራት አንዱ ነበሩ። በአንድ ቀን ከሕክምና፣ ከሳይንስ፣ ከማኅበራዊ ትምህርት ክፍሎች ለዓመታት የተከማቸ ልምድ ወጣ። አንድ የቀዶ ጥገና ፕሮፌሰር ለማፍራት ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር አያስፈልግም። የዚያ ዓመት ተማሪዎች ምን እንደጎደለባቸው ያወቁት ቀስ በቀስ ነው፤ መጠየቅ የፈለጉትን ሰው ቢሮው ሄደው ሲያጡት።

ፍርድ ቤትና ወህኒ ቤት

በሰኔ 1986 ዓ.ም ፍርድ ቤቱ ፕሮፌሰር አሥራትን የትጥቅ ዐመፅ ለማነሣሣት አሲረዋል በሚል የሁለት ዓመት እስራት ፈረደባቸው። በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም በደብረ ብርሃኑ ንግግር ምክንያት ሦስት ዓመት ተጨመረባቸው። ከዚያም ሌላ ክስ መጣ፤ ይኸኛው በቀጠሮ ላይ ቀጠሮ እየተሰጠው ዓመታት ፈጀ። እሳቸው ክሱን አልተቀበሉም። አምነስቲ ኢንተርናሽናልን የመሰሉ የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች የፍርድ ሂደቱን ተችተው እንዲፈቱ ሲወተውቱ ቆይተዋል።

ከ60 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው እስር ቤት ቀላል አይደለም። የልብ ሕመምተኛ ለሆነ ሰው ደግሞ ይብሳል። የሚያስፈልጋቸው ሕክምና በአገር ውስጥ እንደማይገኝ እየታወቀ ወደ ውጭ ሄደው እንዲታከሙ የቀረበው ጥያቄ ለረጅም ጊዜ መልስ አላገኘም። ስለ ራሳቸው በሽታ ከማንም የበለጠ የሚያውቁት ራሳቸው ነበሩ። እንዴት እንደሚከፋ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደሚሰጥ ለማወቅ የሌላ ሐኪም አስተያየት አያሻቸውም። የሺዎችን ሕይወት በእጃቸው ያተረፉ ሰው የራሳቸውን በሽታ ቁጭ ብለው ሲያዩት ከረሙ።

ከአራት ዓመት ተኩል በኋላ፣ በታኅሣሥ 1991 ዓ.ም፣ ለሕክምና ወደ ውጭ እንዲሄዱ ተለቀቁ። ጊዜው ግን አልፎ ነበር። በአሜሪካ ፊላደልፊያ ከተማ በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሲታከሙ ቆይተው ግንቦት 6 ቀን 1991 ዓ.ም በ70 ዓመታቸው ዐረፉ። አስከሬናቸው ወደ አዲስ አበባ መጥቶ እጅግ ብዙ ሕዝብ በተገኘበት ተቀበረ። ከቀባሪው መካከል ያከሟቸውም፣ ያስተማሯቸውም፣ በፖለቲካ የማይስማሟቸውም ነበሩ።

ክርክሩን እንመልሰው

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። እጃቸውን ለበሽተኛ ቢያቆዩት አይሻልም ነበር ወይ? የጠያቂው ቁጭት እውነት ነው። የቀዶ ጥገና ሐኪም እንደ ልብ በማይገኝበት አገር አንድ ፕሮፌሰር ዓመታትን በወህኒ ቤት ማሳለፉ ስንት ሰው ሳይታከም እንዲቀር እንዳደረገ ማን ቆጥሮት! ነገር ግን ጥያቄው የሚቀርበው ለተሳሳተ ሰው ይመስለኛል። ፖለቲካውን ፍለጋ አልሄዱም፤ ወደ አፍሪካ አዳራሽ የሄዱት ዩኒቨርሲቲው ስለወከላቸው ነው። ከሥራ ያሰናበታቸው ደብዳቤ ባይጻፍ ኖሮ በዚያ ዓመትም ማስተማር በቻሉ ነበር። እጃቸውን ከበሽተኛ የነጠለው ያሠራቸው እንጂ የራሳቸው ምርጫ አልነበረም።

ደግሞም ሁለቱ አሥራቶች፣ ሐኪሙና ፖለቲከኛው፣ ያን ያህል አይራራቁም። በ1967 ዓ.ም የሕክምናው እውነት ከመንግሥት መግለጫ ጋር ሲጣላ ከሕክምናው ጋር ቆሙ። በ1983 ዓ.ም ያላመኑበት ሰነድ ሲቀርብላቸው እንደዚያው አደረጉ። የፖለቲካ ውሳኔያቸው ሁሉ ትክክል ነበር ማለት አይደለም፤ መዐሕድን በተመለከተ ያለው ክርክር ሊቀጥል ይገባዋል፣ ዩኒቨርሲቲ ለክርክር የተሠራ ቤት ነውና። ሆኖም መምህር ያመነበትን በመናገሩ ከወንበሩ ሲነሣ የሚጎዳው እሱ ብቻ አይደለም። ከኋላው የተቀመጠው ተማሪ ዝም ማለትን ይማራል። ዛሬ በማስተማር ላይ ያላችሁ ባልደረቦቻችን ይህን ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ።

ዛሬ በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ካምፓስ በአሥራት ወልደየስ ስም ይጠራል። ባደረጉት ንግግር ሦስት ዓመት በተፈረደባቸው ከተማ፣ በስማቸው በሚጠራ ግቢ ውስጥ፣ ወጣቶች ሕክምና ይማራሉ። ስማቸው በዚያ አለ። እኛ ዘንድ የቀረው የቤት ሥራ ሌላ ነው። ከእሳቸው ጋር ራውንድ የወጡ፣ ኦፕራሲዮን ክፍል አጠገባቸው የቆሙ፣ ከ42ቱ ጋር አብረው የሠሩ ሰዎች እያረጁ ነው፤ አንዳንዶቹም ከመካከላችን ተለይተዋል። የሌክቸር ማስታወሻ፣ ፎቶግራፍ፣ የምረቃ ቀን ትዝታ ያላችሁ ሁሉ ጻፉት፣ ለማኅበራችን አስረክቡት። ስለ ፖለቲካቸው ብዙ ተጽፏል፤ እንዴት ያስተምሩ እንደነበር ግን ልትነግሩን የምትችሉት እናንተ ናችሁ።